የዳሩ ወረቀት

እትዬ ስምንት ዓመት በእጇ የሰፋችውን የአልጋ ልብስ እኔ «ድሪቶው» ነበር የምለው። ከኋላዋ አይደለም፣ ፊት ለፊቷ። ምላሴ ልጓም እንደሌለው ስለምታውቅ አትቀየመኝም። «አንቺ መኪናሽን ርገጪ» ብላ መርፌዋን ትቀጥላለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪና ፔዳል መርገጥ ከጀመርኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ከመጋረጃ እስከ ሙሽራ ቀሚስ፣ ከተማሪ ዩኒፎርም እስከ ሬሳ ሣጥን ገበር ያልሰፋሁት የለም። መኪና በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰውን በመርፌ ዓመታት መፍጀት ለእኔ የለየለት ሞኝነት ነው። እትዬ ታላቄ ናት፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝም ስሜ «ሚጢጢ» ነው፣ ደንበኞቼ ፊት ሳይቀር።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ አለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። መዳፍ የምታህል ባለ ስድስት ጎን ወረቀት ትቆርጣለች። ወረቀቱን ጨርቅ ታለብሰውና የተረፈውን ጠርዝ ወደ ኋላ አጥፋ በልል ስፌት ታስረዋለች። ከዚያ እነዚህን የለበሱ ወረቀቶች ጎን ለጎን እያስጠጋች ጠርዝ ለጠርዝ ትሰፋቸዋለች። ወረቀቱ ጨርቁ ቅርፁን እንዳይስት ይይዘዋል። አንዲት ቁራጭ ስድስቱም ጎኗ በጎረቤት ሲዘጋ የወረቀቷ ሥራ አለቀ፤ ከኋላ በኩል ይወጣና ለሌላ ቁራጭ ያገለግላል። ወረቀታቸውን እንደያዙ የሚቆዩት ዳር ላይ ያሉት ብቻ ናቸው።

እትዬ ከመሃል አንዲት ቁራጭ ጀምራ ዙሪያዋን በስድስት ከበበቻት። ስድስቱን በአሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለቱን በአሥራ ስምንት። «መቼ ነው የሚያልቀው?» ስላት «ገና ነው» ትለኛለች። አንዱን ዙር ስትጨርስ ሌላ ትጀምራለች። አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ፣ ዳሩ ሰባ ሁለት ቁራጭ ሲሆን፣ በድንገት ቆመች። ለምን እዚያ ላይ እንደቆመች አልጠየቅኳትም። ወዲያው የስኳር በሽታዋ ዐይኗን ስለወሰደው ምክንያቱ እሱ መሰለኝ።

ስፌቱን የጀመረችው ልጇ በሞተች በሁለተኛው ወር ነው። ተስፋ ቆርጣ ሳለ በአርባ ሦስት ዓመቷ ያገኘቻት አንድ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ገና በሕፃንነቷ ነው የሞተው። አሥራ አንድ ዓመት ኖራ በአራት ቀን ትኩሳት ሄደች። እኔም እወዳት ነበር። ግራኝ ስለነበረች ሱቄ መጥታ መቀስ አልታዘዝ ሲላት «አክስቴ፣ ጠማማው መቀስሽ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» ትለኝ ነበር። ጽሕፈቷ ሁሉ ነፋስ እንዳጋደመው ወደ ግራ የተኛ ነው።

የቤት ሥራዋን የምትሠራው እናቷ አልጋ ላይ ነበር። ጠረጴዛና ወንበር ተገዝቶላት «አልጋ ላይ ካልሆነ አይገባኝም» አለች። እትዬ ልብስ ንጽሕና ቤት ቆማ ስትተኩስ ውላ መጥታ ጋደም ስትል፣ ልጅቷ አጠገቧ በሆዷ ተኝታ ደብተሯን ታገላብጣለች። «ይሄ ኮሽ ኮሽ አላስተኛ አለኝ እኮ» እያለች እትዬ ስታማርር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን አንድም ቀን ከአልጋው አላስወረደቻትም።

ልጅቷ ከሞተች በኋላ እትዬ አላለቀሰችም ማለት ይቻላል። ሰፋች። ሁለት ዓመት ታገስኩና «በቃሽ አሁን፣ ይሄ ሐዘን እንጂ ስፌት አይደለም» አልኳት። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ሐዘን ከሆነስ ማንን ጎዳሁ?» አለችኝ። አንድ ሳምንት አኮረፍኳት። ከዚያም በኋላ ቢሆን ያንን ጨርቅ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። እንዲያልቅ እፈልግ ነበር። እንዲያልቅና አንዴ ታጥፎ ቁም ሣጥን እንዲገባ።

ባለፈው ወር ሐኪሙ እግሯ ከጉልበቷ በታች መቆረጥ እንዳለበት ነገረን። እኔን ለብቻዬ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ደግሞ ልቧ ማደንዘዣውን መቻሉን እንደሚጠራጠር ነገረኝ። ቀኑ ሐሙስ ጠዋት ሆነ። ሰኞ ዕለት ሆስፒታል ተኛች፤ አልጋዋን አስተካክዬ ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ሚጢጢ፣ ያንን ድሪቶ ዳሩን ዝጊልኝ።»

ድሪቶ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ልታስቀኝ ነበር፣ አልሳቅኩም።

«ሐሙስ ጠዋት ሳይወስዱኝ በፊት ላዬ ላይ እንዲሆን እፈልጋለሁ» አለች።

«ዛሬ ሰኞ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሰፍቻለሁ እያልሽ የምትነፊው ለመቼ ነው?»

«እሺ፣ ዳሩን ቀጥ አድርጌ ልቁረጠውና በመኪና ጥብጣብ ላዙርበት። በሁለት ሰዓት አደርስልሻለሁ።»

«አትቁረጪው። ጥርሱን እንደያዘ ዝጊው። ዳሩን ብቻ ዝጊ፣ ሌላውን አትነካኪው።»

ሌላውን አትነካኪው ማለቷ መቀስ እንዳላነሳ መሰለኝ። ብጠይቃት ኖሮ ትነግረኝ ነበር ወይ? አሁን ሳስበው አትነግረኝም።

ሱቄን ዘግቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከሥር ገበር አነጠፍኩ፣ መሃል ላይ ስስ ጥጥ። ዳሩ ዙሪያውን ጥርስ ጥርስ ነው፤ ወጣ ያለ ጫፍ፣ ገባ ያለ ጥግ፣ እንደገና ጫፍ። ገበሩን ያንኑ ቅርፅ አስይዤ እቆርጣለሁ፣ ገባ ያለው ጥግ ላይ በመቀስ ጫፍ ትንሽ እሰነጥቃለሁ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፌ ከላይኛው ጨርቅ ጋር በማይታይ ስፌት አገጥመዋለሁ። ስንጥቁ ሲያንስ ይጨማደዳል፣ ሲበዛ ይተረተራል። መኪና እዚህ ውስጥ አይገባም። ዕድሜ ልኬን የናቅኩት መርፌ በሁለት ቀን ጣቶቼን ወንፊት አደረጋቸው።

የጀመርኩት እትዬ ካቆመችበት ነው። የመጨረሻዋ ቁራጭ ላይ ያልተቆረጠ ክር ተንጠልጥሎ ስለነበር ቦታው ይታወቃል። ያቺን ቁራጭ ዘግቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ወረቀቷ ውስጥ መቅረቱን ያስተዋልኩት። ስነካት ኮሽ አለች። የደንበኛ ሥራ ቢሆን ፈትቼ አወጣው ነበር። ግን ያንን ጥግ ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ አንዲት ወረቀት ማንን ትገላለች ብዬ ዐይኔን ጨፍኜ አለፍኩት። እንዲህ ያለ ሥራ ተለማማጅ ብትሠራብኝ ጆሮዋን ነበር የምቆነጥጠው።

ከሁለተኛዋ ጀምሮ ግን ልሉን ስፌት እየተረተርኩ፣ ወረቀቱን እየመዘዝኩ ብጥስጣሽ የምጥልበት ከረጢት ውስጥ መወርወር ጀመርኩ። ሥራ የሚያውቅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ወረቀት ያለበት የአልጋ ልብስ አይታጠብም። ብዙዎቹ ልሉ ስፌታቸው ረግቦ ራሳቸው ሊወድቁ የደረሱ ነበሩ፤ ገና ጨርቁን ሳነሳው ይንሸራተታሉ።

ማክሰኞ ባሌ ምሳ ይዞልኝ መጣ። ሰዓት ሠሪ ነው፣ ትንንሽ ነገር ላይ አጎንብሶ የኖረ ሰው። ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር አየና «ይሄን ሁሉ ዓመት ድሪቶ ስትዪው የነበረው ይሄንን ነው?» አለኝ። «ዝም ብለህ ሳህኑን አስቀምጥ» አልኩት። አስቀመጠና ሄደ።

ረቡዕ ከምሳ በፊት የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጠርኩ። ያኔውኑ ፍራሽ ሠሪው በራፉን አንኳኳ። ሁልጊዜ ረቡዕ ረቡዕ እየመጣ ብጥስጣሼን ይወስዳል፤ በማሽን ቦጫጭቆ፣ ፈልፍሎ ትራስና ፍራሽ ይሞላበታል። ከረጢቱን አቀበልኩት። ቀለል ስላለኝ እንዲያውም ቀለድኩበት፣ ምን እንዳልኩት ግን ረስቼዋለሁ።

ከዚያ የአልጋ ልብሱን አጥፌ ታቅፌ ሆስፒታል ሄድኩ። እንዲህ ኮርቼ የተራመድኩበትን ቀን አላስታውስም።

«አለቀ፣ እትዬ። ሰባ ሁለቱም ጥርስ፣ አንድ የተጣመመ ብታገኚ መቀሴን እሰቅላለሁ።»

«አልብሺኝ እስቲ።»

አለበስኳት። ዳሩን እስከ አገጯ ሳበችው። በጣቷ ጫፉን ዳሰሰች፣ ስፌቱን አገኘችና ፈገግ አለች። ከዚያ ጨርቁን ጨበጥ አደረገችው፣ ለቀቀችው። እንደገና ጨበጥ አደረገችው። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

«አጥበሽዋል እንዴ?»

«ምን አጥበዋለሁ፣ አዲስ ነገር?»

«ዝም አለ።»

«ወረቀቱን ነው? እሱንማ ከነጭራሹ አጸዳሁልሽ» አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅኩ።

ኮሪደሩ ላይ የምግብ ጋሪ እየተገፋ አለፈ።

«የት አደረግሽው?»

«ሱቅ ነው» አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ እንጃ፤ ድምፅዋ ነው ያስዋሸኝ።

«የእሷ ደብተር ነው» አለች።

ቀስ ብላ፣ ተረት የምትነግረኝ ይመስል፣ ሁሉንም ነገረችኝ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወረቀቶች የቆረጠችው ከልጅቷ የሒሳብ ደብተር ነው። አንዱ ዙር ሲዘጋ ወረቀቶቹን አውጥታ ለሚቀጥለው ዙር አደረገቻቸው፤ እያንዳንዱ ዙር ስድስት ስለሚጨምር ስድስት አዲስ ከደብተሩ ትቆርጣለች። እንዲህ እያለች ወረቀቶቹን ከመሃል ወደ ዳር ይዛቸው ሄደች። ደብተሮቹ ሲያልቁ አቆመች።

«ሌላ ወረቀት ሞክሬ ነበር» አለች። «ድምፁ አይመሳሰልም። ሳይዘጋም እኮ ለብሼው ነበር የምተኛው። ስገላበጥ ዳሩ ኮሽ ሲል አጠገቤ የቤት ሥራ የምትሠራ ይመስለኛል። ሞኝነት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ዐይኔ ከሄደ ወዲህ ፎቶዋ አይታየኝም፤ የቀረኝ እሱ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ወረቀቶቹ እየሾለኩ መውደቅ ጀመሩ። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ወድቀው እንዳይጠፉብኝ ነው ዳሩን ዝጊልኝ ያልኩሽ።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

«በቃሽ ትዪኛለሽ ብዬ።»

እትዬ እጄን ፈልጋ አገኘችና መታ መታ አደረገችው፣ ልጅ ሆኜ ስወድቅ እንደምታደርገው።

«ምንም አይደለም። ነገ በጠዋት አምጪልኝ። መልሰሽ አትስፊው፣ ጊዜ የለም። በላስቲክ አድርገሽ ትራሴ ሥር ክተቺልኝ፣ ይበቃኛል።»

ፍራሽ ሠሪው ቤት እስክደርስ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ግቢው ውስጥ የፈልፋዩ ማሽን ይጮሃል፤ እሱ ራሱ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ጥጥ ለብሷል። ማሽኑን አጥፋ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት።

«ዛሬ የሰጠሁህ ከረጢት የት አለ?»

«ተፈለፈለ። ምነው፣ መቀስሽ ገብቶ ነበር?»

«ወረቀት ነበረበት።»

«አዎ፣ ወረቀት ነበረበት፤ ልነግርሽም ነበር። ከእንግዲህ ወረቀት አትቀላቅዪብኝ። ፍራሽ ውስጥ ከገባ ይንኮሻኮሻል፣ ደንበኛ አይወድም። አንድ በአንድ ለቅሜ ነው ያወጣሁት።»

ክንዱን ያዝኩት። «ለቅመህ የት አደረግኸው?»

በአገጩ ጥግ ላይ ያለችውን ምድጃ አመለከተኝ። ሙጫ የሚያሞቅባት ናት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አመዱ ላይ አንዳንዱ ቅርፁን እንደያዘ ነበር፣ ባለ ስድስት ጎን፣ ጥቁር። በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆነ። ሰውየው ፊቴን አይቶ «ሰነድ ነበር እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ምን አጥፍቶ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ለእትዬ አልነገርኳትም፣ ለባሌም አልነገርኩትም። ሠላሳኛዋ ገደማ ላይ፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከመዘዝኩት ወረቀት በአንዱ ላይ ወደ ግራ የተጋደመ የእርሳስ ጽሕፈት አይቻለሁ። ማካፈል ነበር፣ አጠገቡ የአስተማሪ ቀይ ምልክት አለ። የማን እጅ እንደሆነ አውቄያለሁ። ሳላስተውል ነው ማለት እፈልጋለሁ፣ ሩጫ ላይ ስለነበርኩ ነው ማለት እፈልጋለሁ። ግን አይቼዋለሁ። «ይሄም እዚህ ውስጥ ነበር?» ብዬ በሆዴ ተናደድኩና ወረወርኩት። እንዲያልቅ እፈልግ ነበር ብያችኋለሁ።

ቤቴ ገብቼ ከአሮጌ ደብተር ላይ ባለ ስድስት ጎን ወረቀት መቁረጥ ጀመርኩ። ዐይኗ አያይም፣ በላስቲክ አድርጌ ብሰጣት ማን ያውቃል ብዬ። ሦስት ቆርጬ አንዱን ጆሮዬ አጠገብ ጨበጥኩት። አዲስ ወረቀት ይጮሃል፤ ያኛው በአሥር ዓመት እንቅልፍ የለሰለሰ ነው። መቀሱን አስቀመጥኩት።

ሐሙስ ጠዋት ባዶ እጄን ገባሁ። እትዬ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ የአልጋ ልብሱን እንደ ገመድ ሰብስባ ጉልበቷ ላይ አድርጋዋለች።

«እግርሽ እየተጎተተ ነው» አለች ገና ከበራፉ። «ተጣለ ወይስ ተቃጠለ?»

«ተቃጠለ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ እትዬ።»

«ውሸታም» አለች። «አንዷን ረስተሻታል።»

ያኔ ነው እጇን ያየሁት። ዳሩን ዙሪያውን ስትዳስስ ነው ያደረችው። አንዷን ጥርስ በሁለት ጣቷ ይዛ ጆሮዋ አጠገብ አድርጋታለች። ጨበጥ ስታደርጋት ኮሽ አለች። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ባበላሸሁት ሥራ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እሷ እንኳ ያላለቀሰችውን።

«የትኛዋ እንደሆነች ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላየኋትም። መጀመሪያ የዘጋኋት ናት።»

«አንቺ መጀመሪያ የዘጋሻት፣ እኔ መጨረሻ የቆረጥኳት ናት። ደብተሩ ሲያልቅ። ምንም አልተጻፈባትም፤ ልጄ ገና ያልደረሰችበት ገጽ ነው።»

መስኮቱን አየሁ፣ ወለሉን አየሁ። የማየው ቦታ አጣሁ።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ዝም በዪ እስቲ» አለች። «ልስማበት።»

ዐይኗን ጨፍና ጨበጥ፣ ለቀቅ ታደርጋታለች። ነርሷ ጋሪውን እየገፋች ስትመጣም አላቆመችም። የአልጋ ልብሱ አብሮ አይገባም ተባለ፤ ደንብ ነው። እትዬ አልተከራከረችም። ዳሩን ፈልጋ ያቺን ጥርስ እጄ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን አጠፈቻቸው። «እንዳትታጠብ» አለችኝ።

ልቧ አልቻለም። ሐኪሙ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ወጥቶ ነገረን። ባሌ ክንዴን ያዘኝ። ጨርቁ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ጣቶቼን እሷ እንዳጠፈቻቸው ትቻቸው ነበር።

አሁን የእኛ አልጋ ላይ ነው። ባለ ስድስት ጎን ነገር ባለ አራት ማዕዘን አልጋ ላይ በቅጡ አይቀመጥም፤ አንዱን ጎን ሳስተካክል ሌላው ይንሸራተታል። ትናንት የባሌ የዕረፍት ቀን ነበር። ከምሳ በኋላ ጋደም አለና፣ እኔ ቁልፍ ስተክል፣ ከጀርባዬ ሲገላበጥ ሰማሁት።

«ይሄ ኮሽ ኮሽ የሚለው ምንድነው? አላስተኛ አለኝ እኮ» አለ።

«የቤት ሥራ ነው» አልኩት።

ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።